እትዬ ሲገቡ የሚጠፋው ስክሪን

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ ከሥራ ስትመለስ፣ ካቻቢቴ የጎረቤት ካውያ ፈትታ ብሎኖቹን ሳህን ላይ በየመጠናቸው ደርድራ ነበር። እህቷ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለችና ግድግዳውን ታይ ጀመር።

«ምነው እቱ? ሰው ሞተ?»

«እኔ ሞቻለሁ።»

«ሬሳ ቦርሳ አንጠልጥሎ አይመጣም። ተናገሪ።»

«ስክሪኑ ነው» አለች እህቷ፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ። ካቻቢቴ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው። እንባ ብሎን ያዝጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቷ የምትሠራው ባለ ሁለት ክፍል የጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ፈተና ይተየብበታል። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ትልቅ ትንሹ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እንደ ልጃቸው ያቀረቧት ጸሐፊ አንድ ፈተና አሳልፋ ሰጥታባቸው፣ በርዕሰ መምህሩ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሰው የሚያምኑት በግማሽ ዓይናቸው ነው፤ ሌላኛው ግማሽ ሁልጊዜ ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ ይኸው፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እትዬ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ ባሉ ቁጥር የእህቷ ስክሪን ድርግም ይላል። አራት አምስት ሰከንድ ጨለማ ይሆንና ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይበራል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ ነው። እትዬ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ ጉሮሯቸውን መጠራረግ ጀመሩ። ዛሬ በሩን ዘግተው እንዲህ አሏት፦

«የኔ ልጅ፣ ስገባ ይጠፋል፣ ዞር ስል ይበራል። እኔ ማብሪያ ማጥፊያ ነኝ እንዴ? የምትደብቂኝን ነገር እስከ ዓርብ ትነግሪኛለሽ። አለዚያ ዓርብ የማጠቃለያው ፈተና ሲመጣ፣ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?» አለች ካቻቢቴ።

«ምን እላለሁ? ኮምፒውተሩ ነው አልኩ።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ከሆነ የኔ ጉዳይ ነው። እንባሽን ጥረጊ። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ካቻቢቴ ይህን ስትል ጉራ አልነበረም፤ ወይም ጉራ ቢሆንም ሥራ የሚከተለው ጉራ ነበር። ስሙን ያወጣላት የታችኛው ሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ሱቁ በር ላይ ቆማ «ያ ሽቦ እኮ የተበየደው ያለ ቦታው ነው» ብትለው፣ «ወግጂ አንቺ ካቻቢቴ!» ብሎ አባረራት። ማታ ሲያየው እውነቷን ነበር። እሱ እስከ ዛሬ ሰላም አይላትም፤ ስሙ ግን ከሷ ጋር ቀረ። ኮምፒውተር የተማረችው ሰው ከጣላቸው ኮምፒውተሮች ነው፤ አንዱን ገድላ ሌላውን እያዳነች። ወረቀት የላትም። አንድ ጊዜ ወረቀት ፍለጋ ማሠልጠኛ ሄዳ፣ መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «የትምህርት ማስረጃ የሌለው ቆሞ ይጠብቅ» አላት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመች። ሁለት ሰዓት ቆማ ስታበቃ ሰውዬው ምሳ ወጣ። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ማለች፤ ከእናቷ በቀር ለማንም ፍጡር ከተቀመጠችበት ብድግ ላትል። መሐላውን እንደ ጥርሷ ጠብቃ ይዛዋለች።

እህቷ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። እሷ ለሁሉም ብድግ ትላለች። አውቶቡስ ውስጥ ትነሳለች፣ የጎረቤት አክስት ሲገቡ ትነሳለች፤ ካቻቢቴ «ስልክ ላይ ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ራሱ ትነሺያለሽ» እያለች ታሾፍባታለች። ውሸትም አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት የመፍቻ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጽሕፈት ቤቱ ደረሰች። የፊተኛው ክፍል ጠባብ ነው። በስተግራ የእህቷ ጠረጴዛ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል፤ ከጀርባው መዝገብ የሞላበት ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለ። ከበሩ የሚገባ ሰው የስክሪኑን ፊት ባያይም፣ ብርሃኑን በቁም ሣጥኑ መስታወት ላይ ያየዋል። እትዬ ሲጠፋ የሚያዩት በዚያ ነው። በስተቀኝ ጋሽ አራሚ ይቀመጣሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ የተተየበውን ሁሉ አንብበው ስህተት ይለቅማሉ። ቀይ እስክሪብቶ ከጆሯቸው ላይ አይወርድም። የሚቀመጡበት የእንጨት ዱካ ደግሞ ከሳቸው ቀድሞ ጡረታ መውጣት የነበረበት ነው።

«ይቺ ናት ምላሷ አገር የሚያቃጥለው?» አሉ ጋሽ አራሚ።

«ምላሴ የሚያቃጥለው የደረቀ ሲያገኝ ነው ጋሼ።»

«እሰይ! መጣችልህ» አሉ ለራሳቸውና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ካቻቢቴ እህቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጭርርር የሚል ድምፅ ሰማች። ባለ ጎማ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ አዲስ ወንበር ነው፤ መቀመጫውና መደገፊያው እስካሁን የፋብሪካ ላስቲኩ አልወለቀለትም።

«ይሄ ምንድን ነው? ለሱቁ ሊመልሱት ነው?»

«እንዳይቆሽሽ ነው» አለች እህቷ በሹክሹክታ። «እትዬ ላስቲኩን እንዳትነኪው ብለውኛል። ወገቤን ስይዝ አይተው ነው የገዙልኝ።»

«ወገብሽን ሊያድኑ መቀመጫሽን ሊቀቅሉ» አለችና ጥያቄዋን ቀጠለች። «በይ አሁን ንገሪኝ። መጥፋት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ላይ ምን ተቀየረ? አዲስ ነገር ተጫነ? ሰው ከፈተው?»

«ምንም። ማንም እጁን አላሳረፈበትም።»

ካቻቢቴ ሥራዋን ጀመረች። ስክሪኑ ራሱን እንዲያሳርፍ የታዘዘበትን ሰዓት አየች፤ ደህና ነው። የመብራት ገመዱን ከማከፋፈያው ነቅላ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ሳጥኑን ከፈተችና የሦስት ዓመት አቧራ በብሩሽ ጠረገች፤ ጋሽ አራሚ ሦስት ጊዜ አነጠሱና «የመጀመሪያዋ ጸሐፊ አቧራ ነው ይሄ፣ በክብር አንሺው» አሉ። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ አውጥታ ጥርሱን በላጲስ አሸችና መለሰችው። የምስል ካርዱን ነቅላ አየችው፤ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። ዘግታ አበራችው። ሁሉም ሰላም ነው።

በዚህ መሐል የውስጠኛው በር ተከፈተና እትዬ ወጡ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሲራመዱ ነጠላ ጫማቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። እህቷ አጠገቧ ቆማ ስለነበር የነበረችበት ሆና አንገቷን ሰበር አደረገች። ጋሽ አራሚ በዕድሜ ስለሚበልጧቸው እስክሪብቷቸውን ብቻ አነሱ። ካቻቢቴ ካለችበት ሳትነቃነቅ «ደህና አደሩ» አለች።

እትዬ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩአት፤ ከዚያ መስታወቱን አዩ። ብርሃኑ አለ። ገብተው ተመልሰው ወጡ። አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ የሚጠጡ መስለው ወጡ። አሁንም አለ። ስክሪኑ እንደ ፀሐይ ቦግ ብሏል።

«እንግዲህ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ስትቀመጪበት አይጠፋም። ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የታመመው ሌላ ነው።»

እህቷ ፊቷ አመድ መሰለ።

ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ሆነ። ካቻቢቴ የተቀመጠችው ለሙከራ ብቻ ነበር፤ ስትነሳ ወይ ማሽኑን አጥፍታ ነው፣ ወይ ዞር ብላ መፍቻ ልታመጣ ነው። ስክሪኑ እሷ እያየችው አንድም ጊዜ አልጠፋም። የታመመ ማሽን ጠጋኝ ሲያይ ይድናል፤ ይሄን ታውቃለች። ግን እያንዳንዱ ጤነኛ ሰዓት በእህቷ ላይ ምስክር ሆኖ ሲቆም ማየት ሌላ ነገር ነው።

አመሻሹ ላይ እየሄዱ ሳለ፣ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«እቱ፣ አትቆጪ። እውነቱን ንገሪኝ። የምትደብቂው ነገር አለ? የግል ሥራ፣ ደብዳቤ፣ የሆነ ሰው... እኔ ምንም አልልሽም።»

እህቷ ቆመች። ሰው እየገፋት ያልፋል፤ እሷ ቆማ ታያታለች።

«አንቺም?» አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቤት እስኪደርሱ፣ ራት ቀርቦ እስኪነሳ፣ እናታቸው «ምነው የተጣላችሁ ድመቶች መሰላችሁ?» እስኪሉ ድረስ አልጨመረችም። ካቻቢቴ ያን ዕለት ምላሷን ነክሳ ተኛች። በሰው ላይ መሳል እንጂ መልሶ መዋጥ አልለመደባትም፤ ሲዋጥ እንደ ብሎን ጉሮሮ ይቧጥጣል።

ሐሙስ ስልቷን ቀየረች። ከቤቷ ሌላ ስክሪንና ሌላ ኬብል ተሸክማ መጣችና ሁለቱንም ቀየረች። ከዚያ እህቷን በቦታዋ አስቀመጠቻት፣ ደብተር ሰጠቻት።

«በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ምን ስትሠሪ እንደነበር ጻፊ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነኝ። ሽቦዎቹን እየነካካሁ እጠብቃለሁ። እንደ ሁልጊዜው ሁኚ።»

«እሺ» አለች እህቷ። ከትናንት ማታ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር።

ካቻቢቴ ጠረጴዛው ሥር ተኮራምታ ስትጠብቅ የእህቷን ጫማ፣ የወንበሩን ጎማ፣ የተጠቀለለውን ኬብል ታያለች። ላስቲኩ ከላይ ጭር ይላል። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ከዚያ ድንገት፦

«ጠፋ!»

ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭታ ስትወጣ፣ ስክሪኑ በርቷል፤ እትዬም መስታወቱን እያዩ ቆመዋል። እህቷ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ነበር፣ ሽጉጥ እንደተደገነባት ሰው። እትዬ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመለሱ።

እንዲህ አራት ጊዜ። ስክሪኑ ሌላ ነው፣ ኬብሉ ሌላ ነው፤ ግን ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ስታነበው እንዲህ ይል ነበር፦ «እትዬ ወጡ፣ ጠፋ። ተላላኪዋ ልጅ መጣች፣ አልጠፋም። ውል ሊያስጽፉ የመጡት ሽማግሌ፣ ጠፋ። የጎን ሱቋ ሻጭ መጣች፣ አልጠፋም። እትዬ፣ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ፣ ጠፋ።»

ካቻቢቴ በግድ ሳቀች። «ይሄ ስክሪን መታወቂያ ይጠይቃል እንዴ? ከሃምሳ ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይጠፋም።»

ጋሽ አራሚ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «ትልቅ ሰው ሲያይ ዓይኑን ይሰብራላ። ስክሪኑ ካንቺ የተሻለ አስተዳደግ አለው።»

«ጋሼ፣ ነጠላ ሰረዝዎን ይልቀሙ» አለች። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። እሷ ግን አፏ ላይ እንጂ ልቧ ላይ ሳቅ አልነበረም። መልሱ ደብተሩ ላይ ቁጭ ብሎ እያያት ነበር፤ እሷ ግን ሰው አይደለም የምታነበው፣ ሰዓት ነው። በየስንት ደቂቃው እንደሚጠፋ ስትደምርና ስትቀንስ ዋለች። ምንም ሥርዓት አልወጣውም።

ዓርብ ነጋ።

እህቷ ጠዋት ገብታ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። የሻይ ኩባያዋን፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ የምታንጠለጥለውን ሹራብ፣ አንድ የእናቷን ፎቶግራፍ። ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆማ አንድ በአንድ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት፣ ካቻቢቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። እንደማይጠፋ ታውቃለች። ለሷ አይጠፋም።

የውስጠኛው በር ተከፈተ። እትዬ ወፍራም፣ በሰም የታሸገ ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ እንዳልተኙ ያስታውቃል።

«እሺ ልጄ» አሉ ለካቻቢቴ። «ምን አገኘሽ?»

ያን ጊዜ በካቻቢቴ ራስ ውስጥ አንድ ውሸት ሽር አለ። በጣም ቆንጆ ውሸት ነበር። ከቦርሳዋ ውስጥ የተቃጠለ አሮጌ ካርድ አውጥታ «ይኸውልዎት፣ ይሄ ነው፣ ቀየርኩት» ማለት ትችላለች። ማንም አያውቅባትም። እህቷ ቦታዋ ላይ ትውላለች፤ እስከሚቀጥለው ድርግም ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም እህትማማቾች ውሸታም ናቸው። ካቻቢቴ በሰው ላይ ብዙ ቀልዳለች፤ በማሽን ግን ዋሽታ አታውቅም።

እትዬ ወደ ጋሽ አራሚ ዞር አሉና እንደ ማጉረምረም አሉ፦

«እኔስ መች ጠልቻት ነው? ወገቧን ስትይዝ አይቼ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ይቺን ወንበር አመጣሁላት። የማባርራት ሰው ወገብ ምኔ ነው? ግን ያኔም እንዲሁ ወድጄ ነው የተቃጠልኩት። ደግሞ ይቃጠሉ በሉኛ!» ድምፃቸው ተሰበረ። ፖስታውን ይበልጥ ወደ ደረታቸው ያዙት።

ካቻቢቴ ይህን ሴትዮ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ጠላት ስታያቸው ነበር። አሁን ያየችው የተጎዳ ሰው ነው፤ ማመን ፈልጎ የፈራ። ረቡዕ ማታ የእህቷን ዓይን ያየችበት ሁኔታ ትዝ አላት፤ እሷስ ከእትዬ በምን ትሻላለች? እሷም ጠርጥራለች። መቼ እንዳሰበችው ሳታውቀው፣ መሐላዋን ረስታ፣ እጆቿን ፊቷ ላይ አጣምራ፣ ከወንበሩ ብድግ አለች።

«አልቻልኩም እትዬ» አለች። «የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፣ አላገኘሁትም። ጥፋቱ የኔ አለማወቅ ነው እንጂ እህቴ...»

አልጨረሰችውም። የእትዬ ፊት ተለዋወጠ። ዓይናቸው ከሷ ጀርባ፣ መስታወቱ ላይ ነበር።

«ጠፋ» አሉ። «አሁን ደግሞ አንቺም አወቅሽበት?»

ካቻቢቴ ዞረች። ስክሪኑ ጥቁር ነው። እጆቿን አየች፤ አሁንም እንደተጣመሩ ናቸው። እህቷን አየች፤ እህቷ ሁለት ሜትር ርቃ ኩባያ ይዛለች። ኪቦርዱን የነካ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስክሪኑ በራ።

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ላስቲኩ ጭርርር አለ። ስክሪኑ በርቷል። ብድግ አለች።

ጠፋ።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሽ አራሚ።

ተቀመጠች። ጠበቀች። ብድግ አለች። አልጠፋም። ተቀመጠች፣ እንደ እህቷ ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቁነጠነጠች፣ ብድግ አለች። ጠፋ! ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች።

«ልጅቷን ነካት መሰለኝ፣ ውኃ አምጡ» አሉ እትዬ፣ ፖስታውን እንዳቀፉ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

«ውኃ አልፈልግም!» ብላ ጮኸች ካቻቢቴ። «ደብተሩ! ደብተሩን ስጪኝ እቱ!» ነጥቃ ገለጠችው። «እትዬ ወጡ፣ ጠፋ። ሽማግሌው፣ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ፣ ጠፋ። ተላላኪዋ፣ አልጠፋም። ለተላላኪዋ ትነሺያለሽ?»

«ኧረ ለምን እነሳለሁ? ልጅ አይደለች እንዴ?»

«ለሻጯስ?»

«እኩያዬ ናት።»

«ለእትዬስ?»

እህቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። «ሁልጊዜ።»

«ስክሪኑን የሚያጠፋው መነሳትሽ ነው! አንቺ ተንኮለኛ! አክብሮትሽ ነው የሚያጠፋው!» አለችና ወደ እትዬ ዞረች። «ለዚህ ነው ለኔ ያልጠፋልኝ። እኔ ለማንም አልነሳማ!»

«እሱንስ አይተናል» አሉ ጋሽ አራሚ።

እትዬ ግን ገና አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ሰው ከወንበር ተነሳ ብሎ ኮምፒውተር ያኮርፋል? እኔ ሞኝ አይደለሁም።»

«እንይዋ። ጋሼ፣ ዱካዎን ለአፍታ ይልቀቁልን።»

እህቷ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ እትዬ ከውስጠኛው ክፍል ወጡ፤ እህቷ ብድግ አለች። ስክሪኑ በርቷል። አሥር ጊዜ ገብተው አሥር ጊዜ ወጡ፤ አሥር ጊዜ ተነሳች፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም። በአዲሱ ወንበር አራት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቱን ጠፋ። ሦስተኛው ላይ እትዬ መስታወቱን መመልከት ትተው፣ ጠረጴዛውን ዞረው በገዛ ዓይናቸው ስክሪኑን አዩት። የእህቷ ሁለት እጆች ከኪቦርዱ ርቀው ደረቷ ላይ ተጣምረው ነበር።

«ሹራብ ሲያወልቁ ጭርጭር የሚል ነገር ያውቃሉ አይደል?» አለች ካቻቢቴ። «ፀጉርን የሚያቆመው? እሱ ነው። የእህቴ ቀሚስና ይሄ ላስቲክ ቀኑን ሙሉ ሲፋተጉ ያንን ያጠራቅማሉ። ስትነሳ የወንበሩ ብረት ውስጥ ዓይን የማያየው ብልጭታ ይዘላል። ይሄ ስስ ኬብል ደግሞ ተጠቅልሎ ያለው ከወንበሩ አፍንጫ ሥር ነው፤ ብልጭታው ሲደርስበት ይደነግጣል፣ ምስሉ ይቋረጥበታል፤ ሲረጋጋ ይመለሳል። ትናንት የቀየርኩትም እንደሱው ስስ ነበር። ወንበሩ የመጣው መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት» አለች እህቷ።

«ስክሪኑ መጥፋት የጀመረውስ?»

ካቻቢቴ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ምን ተቀየረ ብዬ ስጠይቅ ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ ጠየቅሁ። ሰው የሚቀመጥበትን ነገር መች ጠየቅሁ? ደደብ ነኝ።»

እትዬ ወንበሩን አዩት። ከዚያ እህቷን። ከዚያ ደግሞ ቦርሳዋ አፍ ላይ ብቅ ያለውን የእናቷን ፎቶግራፍ።

«እኔው ገዝቼ አመጣሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔው ላስቲኩን አትንኪ አልኩ። እኔ ስገባ አክብራኝ ተነሳች። ይሄን ሁሉ አድርጌ ደግሞ...» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔን ይድፋኝ። ስታከብሪኝ ነው የከሰስኩሽ ልጄ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አይደለም...»

«ነው እንጂ! ምንም አይደለም አትበይኝ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት ምንም ሆኖ ነው?» አሉና አንገቷን አቅፈው ሳሟት። እህቷ በእትዬ ትከሻ ላይ ፊቷን ደፍታ ስታለቅስ፣ ካቻቢቴ ነፍሷ መለስ ስትል ተሰማት፤ ለካ ሦስት ቀን ሙሉ በደንብ ሳትተነፍስ ነው የከረመችው።

ላስቲኩን ለማውለቅ ግን ትንሽ ውጊያ ነበር።

«ግድ ነው?» አሉ እትዬ። «ጥቂት ጥቂቱን ብቻ ብንቆርጠው?»

«እትዬ!» አሉ ጋሽ አራሚና ካቻቢቴ በአንድ አፍ።

ላስቲኩ ተገሸለጠ፤ እትዬ ግን አራት ላይ አጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ላስቲኩ ከተነሳ በኋላም ስክሪኑ አንድ ጊዜ ጠፋ። የእትዬ ፊት ሲጨልም ካቻቢቴ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች። ከቦርሳዋ ወገቡ ላይ ብልጭታ የሚያግድ ድብልብል ጉጥ ያለበት ወፍራም ኬብል አውጥታ ሰካች፤ ከወንበሩ አርቃ በግድግዳው በኩል አዞረችው፣ ከጠረጴዛው እግር ጋርም አሰረችው። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ተቀምጠው ተነሱ። እትዬ ራሳቸው ተቀምጠው ለጋሽ አራሚ ተነሱ፤ ጋሽ አራሚም «ሃያ ዓመት ሳስተምር ማንም እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም» አሉ። ስክሪኑ ቦግ እንዳለ ቀረ።

እህቷ ፎቶግራፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው። እትዬ ፖስታውን በሁለት እጃቸው አንስተው ሰጧት፤ ሰሙን የቆረጠችው እሷ ናት።

ለመተየብ ስትቀመጥ ካቻቢቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ሥር አለቻት፦ «የረቡዕ ማታውን... ይቅርታ።»

«ሰማሁሽ» አለች እህቷ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሳ። ግን ከንፈሯ ዳር ፈገግ ብሎ ነበር። «እናታችን ፊት ደግመሽ ትይዋለሽ።»

«አልልም።»

«ትያለሽ ሚጡዬ።»

ካቻቢቴ ጋሽ አራሚ አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ ተቀምጣ መፍቻዎቿን በየቦታቸው ስትከት፣ እትዬ ሻይ ይዘው ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። እህቷ እንደ ልማዷ ከወንበሩ ብድግ አለች። ስክሪኑ በርቷል። በዚያችው ቅጽበት ሣጥኑም ተንቋቋ፤ ካቻቢቴም ቆማ ነበር።

ጋሽ አራሚ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ምነው? አንቺም?»

«ለሙከራ ነው» አለች ካቻቢቴ።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ እትዬ ሻዩን እያቀበሏት።

ሻዩን በሁለት እጇ ተቀበለች። የተቀመጠችው ግን እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው።